ያልተሰጠንን ደረሰኝ

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር መርካቶ ውስጥ «ስንት ነው?» ከሚለው ቀጥሎ በብዛት ይሰማ የነበረው ቃል «ደረሰኝ» ነበር። የገቢዎች ተቆጣጣሪዎች በየተራው እየዞሩ ያለ ደረሰኝ የሚሸጠውን ይይዙ ነበር። ቅጣቱ 100 ሺህ ብር። ከዚያ «ዕቃ ሊወረስ ነው» የሚል ወሬ ተነሣ። የከተማው ገቢዎች ቢሮ ወሬው ሐሰት ነው ቢልም ብዙ ሱቅ በሩን ዘጋ። እዚያ ተወልዶ ላደገ ሰው መርካቶን በሥራ ቀን ተዘግቶ ማየት ያስደነግጣል።

አባቴ ከራጉኤል ወረድ ብሎ ትንሽ ሱቅ አለው። ሳፋ፣ ፔርሙዝ፣ ብረት ድስት፣ የሻይ ብርጭቆ ይቸረችራል። በዚያ ሰሞን ማታ ማታ የሚለው አንድ ነገር ነበር፦ «ደረሰኝ ቁረጥ ይሉኛል፤ እሺ ልቁረጥ። እኔ ከአከፋፋዩ ስገዛ ግን ማን ቆረጠልኝ? አከፋፋዩስ ከአስመጪው ሲያነሣ ማን ቆረጠለት? ያልተሰጠኝን ደረሰኝ ከየት አምጥቼ ነው የምሰጠው?»

ልብ በሉ፣ ግብር አልከፍልም አላለም። መንገድ ያለ ግብር እንደማይሠራ ያውቃል። ያለው፣ ሰንሰለቱ ከላይ ይጀምር ነው። አንድ ሌላ ነገርም ይጨምር ነበር፦ «መጀመሪያ ቢጠይቁን ኖሮ እኮ ደረሰኙ የት ጋ እንደሚበጠስ በጣታችን እናሳያቸው ነበር።»

እኔ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ። የትኛው እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፤ ነገሩ የአንድ ግቢ ብቻ አይደለምና። በዚያው ዓመት፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ለመምህራን ሁሉ ኢሜይል ደረሰን። የተያያዘው የመምህራን የሥራ አፈጻጸምና ተጠያቂነት መመሪያ ረቂቅ ነው። መሸኛው ሁለት መስመር ናት፦ አንብባችሁ አስተያየት ካላችሁ እስከ ዓርብ ድረስ በትምህርት ክፍላችሁ በኩል በጽሑፍ አቅርቡ። ከረቡዕ ከሰዓት እስከ ዓርብ። መሐል ያለው ሐሙስ ብቻ ነው፤ ሐሙስ ደግሞ አብዛኞቻችን ከጠዋት እስከ ማታ ክፍል ነን።

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ቡና ላይ ሰብስቦን «አንድ ሰው ይጻፈው» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ የመርካቶ ልጅ አይደለሽ? መከራከር ታውቂበታለሽ» አሉኝ። ቀልድ ነበር። ግን እኔው ጻፍኩት።

* * *

ረቂቁ በአጭሩ የሚለው ይህን ነው። መምህሩ ከትምህርት ክፍል ኃላፊው ጋር ውል ይፈራረማል፣ ኃላፊው ከዲኑ ጋር፣ ዲኑ ከፕሬዚዳንቱ ጋር። በውሉ ላይ የሚለኩ ነገሮች አሉ፦ የተማሪዎች ምዘና፣ የታተመ ጥናት፣ የኮርስ ፋይል፣ ተማሪዎች በመውጫ ፈተና ያመጡት ውጤት። ሁለት ሴሚስተር ተከታትሎ ከተቀመጠው ነጥብ በታች ያገኘ መምህር ውሉ አይታደስለትም።

ይህ ረቂቅ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1294/2015 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ የሚሆኑበትን በር ከፈተ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚያ በር የገባ የመጀመሪያው ሆነ። ነፃነት ሲሰጥ «እንግዲህ ውጤት አሳየን» ይከተላል። ትምህርት ሚኒስቴርም ከዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶች ጋር በቁልፍ የአፈጻጸም አመላካቾች ላይ ውል መፈራረም ጀመረ። ፕሬዚዳንቱ የፈረመውን ይዞ ወደ ዲኑ ይወርዳል፣ ዲኑ ወደ ኃላፊው፣ ኃላፊው ወደ እኛ። እኛ የምንወርድበት የለንም፤ ከእኛ በታች ያለው ተማሪው ነው።

በሐምሌ 2015 ደግሞ፣ ቀድሞ እንደ ሕግ ባሉ ጥቂት ሙያዎች ብቻ የነበረው የመውጫ ፈተና በየትምህርት ዘርፉ ላሉ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ተሰጠ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተፈታኞች ያለፉት ከ60 በመቶ ጥቂት ከፍ ይላሉ፤ ከግል ተቋማት የመጡት ግን 20 በመቶ እንኳ አልሞሉም። ቁጥሩ አገር አስደነገጠ። መደንገጥም ነበረበት። አራት ዓመት ሙሉ «ጎበዝ» ሲባል የኖረ ልጅ በመጨረሻው ቀን ሌላ ነገር ሲነገረው፣ አንድ ሰው የሆነ ቦታ ላይ ዋሽቶታል ማለት ነው።

የዋሸው ማነው? ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ ከመቶ ሦስት ገደማ ብቻ ነበር። አገሪቱ መቀመጫዎቿን ለመሙላት የማካካሻ ትምህርት፣ ሁላችሁም «ሬሜዲያል» የምትሉትን፣ ማዘጋጀት ግድ ሆነባት። እንግዲህ አንደኛ ደረጃ ለሁለተኛ ደረጃ ደረሰኝ አልቆረጠም፤ ሁለተኛ ደረጃም ለዩኒቨርሲቲ አልቆረጠም። በመጨረሻው ሱቅ የቆመው መምህር ግን ሙሉ ደረሰኝ እንዲያቀርብ ተጠየቀ። አባቴ ማታ ማታ የሚለውን ጠዋት ጠዋት ቢሮዬ ውስጥ ሰማሁት።

እኛ ጋ ስጋቱ ፊት ነበረው። በትምህርት ክፍላችን በዕድሜ ከሁላችንም የሚያንሰው መምህር፣ ተማሪ ሁሉ የሚፈራውን ኮርስ የሚያስተምረው እሱ ነው። ዘግይቶ ገብቶ አያውቅም። ፈተና ሲያርም ኅዳጉ ላይ ማስታወሻ የሚጽፍ ብቸኛው ሰው ነው። ኮስታራ ስለሆነ ግን በተማሪ ምዘና ዝቅ ያለ ነጥብ ያገኛል። በረቂቁ ስሌት ብንሄድ፣ በቀጣዩ ዓመት ውሉ የማይታደስለት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር።

* * *

«ተጠያቂነት» የሚለውን ቃል ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? ሥሩ «ጠየቀ» ነው። መጠየቅ ደግሞ በአማርኛ ሁለት ፊት አለው። መርማሪም ይጠይቃል፣ ዘመድም ይጠይቃል። ሆስፒታል በር ላይ «ጠያቂ ነኝ» የሚል ሰው ሙዝና ብርቱካን ይዞ የመጣ ነው። የታመመ ይጠየቃል፣ የታሰረ ይጠየቃል፣ የወለደች ትጠየቃለች። ጠፍቶ የከረመ ወዳጅ «ምነው አትጠይቀኝም?» ተብሎ ይወቀሳል። አለመጠየቅ ነበር እንግዲህ ጥፋቱ።

በቢሮ አማርኛ ግን «ይጠየቃል» ማለት «ይቀጣል» ማለት ሆኖ ቀርቷል። በረቂቁ ውስጥ «ተጠያቂ ይሆናል» የሚለውን ፈልጌ ቆጠርኩ፤ 23 ጊዜ አለ። «መምህሩ ይሰማል» ወይም «መልስ የመስጠት መብት አለው» የሚል ፈለግኩ። የለም። መልስ የማይጠበቅበት ጥያቄ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?

* * *

መምህራን እንዲህ ዓይነት ሰነድ ሲመጣ ለምን ይደነግጣሉ? «ሰነፎች ስለሆኑ» የሚል መልስ ተማሪ ቤት ውስጥ በቀላሉ ይገኛል፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ትዝታ የሚባል ነገር አለ።

በታኅሣሥ 1985 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ። ፖሊስ ተኮሰ፤ ሰው ሞተ፤ ግቢው ተዘጋ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ተሰናበቱ። ከእነሱ አንዱ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ነበሩ፤ ቀዶ ሐኪም፣ የሕክምና ፋኩልቲውን ካቆሙት ሰዎች አንዱና ዲኑም የነበሩ። አንድ ቀዶ ሐኪም ሲባረር የሚባረረው እሱ ብቻ አይደለም፤ በእጁ ሥር ሊሠለጥኑ የነበሩትም አብረው ይሄዳሉ።

በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምና ዶክተር ብርሃኑ ነጋ በግቢው ስለ ሰብአዊ መብትና ስለ አካዳሚያዊ ነፃነት ከተማሪዎች ጋር ከተወያዩ በኋላ «ተማሪ አነሣሥታችኋል» ተብለው ታሰሩ። ከሁለቱ አንዱ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ይህን የማነሣው ለመውቀስ አይደለም። ከማንም በላይ እሳቸው የሚያውቁት ነገር ስላለ ነው፦ መምህር ሐሳቡን የሚናገርበት መድረክ ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ።

ከእነዚህ ትልልቅ ቀኖች መሐል ደግሞ ትናንሾቹ አሉ። «ግምገማ» ከትግል ሜዳ ወደ ቢሮ የገባ ቃል ነው፤ ከግለ ሒስ ጋር ተያይዞ መጣ። ሰው ተሰብስቦ ስለ ባልደረባው ይናገራል፣ ባልደረባው ቁጭ ብሎ ይሰማል። ከዚያ የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ መጣ፤ ቢፒአር። ከዚያ ውጤት ተኮር፤ ቢኤስሲ። ከዚያ ካይዘን። ከዚያ የለውጥ ሠራዊት፣ አንድ ለአምስት። እያንዳንዱ አዳራሽ፣ የሻይ ዕረፍት፣ ወፍራም ፋይልና የሚሞላ ቅጽ ይዞ መጣ። እያንዳንዱ ሲሄድ ግን ማንም «ይሄኛው ለምን አልሠራም?» ብሎ መምህሩን አልጠየቀም።

ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው መምህር አሉን። ረቂቁን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አንሥተው ገጹን ገለጥ ገለጥ አደረጉና «የኔ ልጅ፣ እኔ አምስት ለውጥ ቀብሬያለሁ። ይሄንንም እቀብረዋለሁ። አንቺ ግን ገና ወጣት ነሽ፣ ጻፊ» አሉኝ። ሳቅን። በኋላ ሳስበው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ሐሳቡን የማይጠይቁት ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው፤ አይቃወምም፣ አይደግፍም፣ ቅጹን ሞልቶ ቀብሩን ይጠብቃል።

* * *

አሁን ወደ እናንተ ወገን ልምጣ።

ይህን ከምታነቡት ብዙዎቻችሁ ተማሪ ናችሁ ወይም በቅርቡ ነበራችሁ። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ብቅ ብሎ ያመለጠውን ሁሉ ቅዳሜና እሑድ የሚጨርስ መምህር ታውቃላችሁ። ከእናንተ በፊት ለእህታችሁ ያስተማረበትን ሃንድአውት፣ ቀኑን እንኳ ሳይቀይር የሚያድል ታውቃላችሁ። ወረቀት መልሶ የማያሳይ፣ «ግሬዴ ለምን እንዲህ ሆነ?» ያለውን ተማሪ የሚያንጓጥጥ ታውቃላችሁ። ሴት ተማሪዎች ደግሞ በር ዘግቶ ማነጋገር የሚወድ መምህር የትኛው እንደሆነ፣ ገና ሳይመዘገቡ ከሲኒየሮቻቸው ይሰማሉ። እኔም ተማሪ ሆኜ ሰምቻለሁ።

እነዚህ ሰዎች ተጠያቂ መሆን አለባቸው። «አካዳሚያዊ ነፃነት» የሚለው ቃል ለእነሱ መጋረጃ ሆኖ ሲያገለግል ማየት ከማንም በላይ የሚያስቆጣው የሚሠራውን መምህር ነው። ስለዚህ በስብሰባችን ላይ «ይሄ መመሪያ በጭራሽ አያስፈልግም» ያለ ባልደረባ ሲነሣ፣ ግማሹ ክፍል አላጨበጨበም። ገንዘብ ጉዳይም አለ፤ በኅዳር 2015 የዩኒቨርሲቲ መምህራን በደመወዝ ጥያቄ ሥራ ያቆሙት ለቀልድ አልነበረም። መምህሩ ከግቢ ወጥቶ የግል ኮሌጅ የሚሮጠው ኪራይ ስለሚገፋው ነው። ቢሆንም፣ የመምህሩ ኪራይ ባዶ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀውን ልጅ አይመልሰውም።

እኔን ያስጨነቀኝ ረቂቁ እነዚያን ሰዎች መያዝ አለመቻሉ ነው። አንድ በአንድ እንየው።

የተማሪ ምዘና። እኔ ባለሁበት ቦታ ከመምህሩ አጠቃላይ ነጥብ 50 በመቶው ከተማሪ፣ 35ቱ ከኃላፊው፣ 15ቱ ከባልደረቦች ነው የሚመጣው። ተማሪው ቅጹን ካልሞላ ግሬዱን ማየት አይችልም። እንዴት እንደምትሞሉት ታውቃላችሁ፦ ስልክ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ አምስት አምስት አምስት፣ ወይም የተናደዳችሁ ቀን አንድ አንድ አንድ። አልፈርድባችሁም። ከዚያ ቅጽ ምን እንደተለወጠ ነግሯችሁ የሚያውቅ ሰው የለም። ፈተና ያከበደው መምህርና ክፍል ያልገባው መምህር እዚያ ቅጽ ላይ አንድ ዓይነት «አንድ» ሊያገኙ ይችላሉ፤ ቁጥሩ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይናገርም። እንዲያውም ክፍል ሳይገባ ለሁሉም ኤ የሚያድለው መምህር አምስት ይዞ ይወጣል።

የመውጫ ፈተና። ፈተናው የሚያቅፈው በአራት ወይም በአምስት ዓመት ውስጥ ብዙ መምህራን ያስተማሯቸውን ኮርሶች ነው። ውጤቱን ለአንድ መምህር ማሸከም፣ ወጡ ጨው ሲበዛበት እንጨት ያቀበለውን መቅጣት ነው።

የታተመ ጥናት። ቁጥር ብቻ ከተጠየቀ ቁጥር ይመጣል፤ ገንዘብ ተቀብለው ማንኛውንም ነገር በሳምንት ውስጥ የሚያትሙ መጽሔቶች በየኢሜይላችን ይለምኑናል።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ቻርልስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፍ ያነሣው ሐሳብ በስሙ ሕግ ተብሎ ይጠራል፤ በቀላል አማርኛ፣ መለኪያውን ግብ ካደረግኸው መለካቱን ያቆማል እንደማለት ነው። አሜሪካ አትላንታ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነ ምርመራ፣ ዕጣ ፈንታቸው በተማሪ ውጤት ላይ የተንጠለጠለ 178 መምህራንና ርዕሳነ መምህራን በፈተና ማጭበርበር ውስጥ እንደተሳተፉ አገኘ። መልስ ወረቀት ላይ የተማሪውን ስሕተት እየላጡ የሚያርሙም ነበሩባቸው። ክፉ ሰዎች ሆነው የተወለዱ አይመስለኝም። ከሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ቆመው የሌላቸውን ደረሰኝ የተጠየቁ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ሐሰተኛውን ቆረጡት።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1997 ስለ ከፍተኛ ትምህርት መምህራን ያወጣው የውሳኔ ሐሳብ አለ። ምዘና ቀዳሚ ዓላማው መምህሩን ማሳደግ እንዲሆን፣ በአካዳሚያዊ መስፈርት ብቻ እንዲካሄድ፣ ውጤቱ ለመምህሩ እንዲነገረው፣ ተበድያለሁ ካለም ገለልተኛ አካል ዘንድ ይግባኝ እንዲል ይላል። ተጠያቂነትንም አይሸሽም፤ ዩኒቨርሲቲዎች ለሕዝብ መልስ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ይናገራል። ሁለቱን ነገሮች አንድ ሰነድ ላይ አስቀምጦ የሚጣሉ አለማስመሰሉ ነው የወደድኩለት።

* * *

ሐሙስ ማታ ለመጻፍ ስቀመጥ ግን በጭንቅላቴ የመጣው ዩኔስኮ አልነበረም። ዕቁብ ነው።

መርካቶ ውስጥ በሚሊዮን ብር የሚቆጠር ዕቁብ የሚንቀሳቀሰው በደብተርና በሰው ቃል ነው። ተጠያቂነት እንዴት እንደሚሠራ ማየት የሚፈልግ ሰው ከየትኛውም የሥልጠና አዳራሽ ይልቅ አንድ የዕቁብ እሑድ ላይ ቢገኝ ብዙ ይማራል። ሕጉን የሚያወጡት አባላቱ ናቸው፦ ስንት እንደሚጣል፣ በስንት ቀን፣ የዘገየ ምን እንደሚቀጣ። ዳኛውንና ጸሐፊውን የሚመርጡት እነሱ ናቸው። ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አይወስድም። ማንም አባል «ደብተሩን አሳዩኝ» ማለት ይችላል፤ ሰብሳቢው ቅር አይለውም። ቅጣቱም ቀልድ አይደለም። ሐዘን የደረሰበት ወይም የታመመ ሰው ሲኖር ደግሞ ዳኛው ነገሩን ሰምቶ፣ አባላቱን ጠይቆ፣ ዕጣው ቀድሞ እንዲወጣለት ያደርጋል።

እዚያ ሰው የሚከፍለው ቅጣቱን ፈርቶ ብቻ ቢሆን ዕቁብ አንድ ዓመት አይቆይም ነበር። የሚከፍለው ሕጉ ሲወጣ እሱም እዚያ ስለነበረ ነው። አፍርሶ ሲመጣ የሚያየው የማያውቀውን መሥሪያ ቤት ሳይሆን፣ አብሮት ሕግ ያወጣውን ሰው ዓይን ነው።

ስለዚህ ደብዳቤያችን ላይ አምስት ነገር ጻፍን። አንደኛ፣ ውል ሁለት ወገን ስላለው ዩኒቨርሲቲውም ይፈርም፦ በክፍል ስንት ተማሪ፣ የትኛው ላብራቶሪ፣ ምን ያህል መጽሐፍና ኢንተርኔት እንደሚያቀርብ። ዋስ ይጥራ ማለታችን ነው። ሁለተኛ፣ የመውጫ ፈተና ውጤት በትምህርት ክፍል ደረጃ ይታይ፤ ተማሪው ሲገባ ከነበረበት ምን ያህል እንደተራመደም አብሮ ይለካ። ሦስተኛ፣ የተማሪ ምዘና ይቀጥል፤ ነገር ግን ከቁጥሩ ጋር ተማሪው የጻፈው ለመምህሩ ይድረስ፣ ባልደረባም ክፍል ገብቶ ይመልከት፣ ክፍል አለመግባት ደግሞ በምዘና ሳይሆን በራሱ ይያዝ። አራተኛ፣ ውል ከመቋረጡ በፊት መምህሩ ይሰማ፣ መምህራን የመረጧቸው ሰዎች ያሉበት የይግባኝ ኮሚቴ ይኑር። አምስተኛ፣ ኃላፊውን፣ ዲኑንና ፕሬዚዳንቱንም እኛ እንመዝን።

ከታች ደግሞ አንድ መስመር ጨመርን፦ ለዚህ ሰነድ አንድ ወር እንጂ ሁለት ቀን አይበቃውም።

* * *

ወሩን አገኘን። ሌሎች ትምህርት ክፍሎችም ተመሳሳይ ነገር ጽፈው ስለነበር አዳራሽ ተጠራን። ከኃላፊዎቹ አንዱ፣ መድረክ ላይ ከተቀመጡት በዕድሜ የሚያንሰው፣ ደብዳቤዎቹን ሁሉ አንብቦ ነበር የመጣው፤ አንዳንዱን መስመር በቃሉ ያውቀው ነበር። ይህን መመስከር ይገባኛል።

የይግባኝ ኮሚቴው ተቀባይነት አገኘ። የመውጫ ፈተናው ውጤት ከግለሰብ ወደ ትምህርት ክፍል ተዛወረ። የሁለት ወገን ውሉ «ይታያል» ተባለ። «ይታያል» ምን ማለት እንደሆነ ቀበሌ ደጅ የጠና ሁሉ ያውቀዋል። አምስተኛው ሲነበብ አዳራሹ ሳቀ። መድረኩም ሳቀ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ አጀንዳ ታለፈ። የተማሪ ምዘናው እንዳለ ቆየ፤ ሁለት ሴሚስተር፣ ከነጥብ በታች፣ ውል አይታደስም።

አምስት ጠይቆ ሁለት ማግኘት፣ በገበያ ሒሳብ ካየነው፣ መጥፎ አይደለም። በሴሚስተሩ መጨረሻ ግን ያ ወጣት ባልደረባዬ ቢሮዬ መጥቶ በሩን ገርበብ አደረገና «ነጥቤ ከፍ ብሏል» አለኝ። እንኳን ደስ አለህ ልለው አፌን ስከፍት ቀጠለ፦ «ፈተናውን አቀለልኩት። ካለፉት ዓመታት ጥያቄ አወጣሁ። ኅዳግ ላይ መጻፍም ትቻለሁ፤ ማስታወሻው ያናድዳቸዋል።» ቆም ብሎ ደግሞ «ልጅ ልንወልድ ነው እኮ» አለኝ።

ምንም ማለት አልቻልኩም። መመሪያው በወረቀት ላይ ግቡን መትቷል፤ የአንድ መምህር ነጥብ ተሻሽሏል። ዋጋውን የሚከፍሉት ከሦስት ዓመት በኋላ ለመውጫ ፈተና የሚቀመጡት ልጆች ናቸው። ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ሰው ይጠየቃል።

በዚህ ዓመት መጀመሪያ ላይ አራት ሆነን አንድ ነገር ጀመርን። ማንም አላዘዘንም፤ ማንም አይቆጥርልንም። ሴሚስተሩ ግማሽ ሲደርስ፣ ግሬድ ሳይመጣ፣ ለተማሪዎች ባዶ ወረቀት እንሰጣለን። ስም አይጻፍም። ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው፦ ምን ገባችሁ? ምን አልገባችሁም? እኛ ምን እንቀይር? ወረቀቱን እርስ በርስ ተለዋውጠን እናነባለን፤ የእኔን ወረቀቶች ባልደረባዬ ያነባል፣ የእሱን እኔ። በቀጣዩ ሳምንት ክፍል ገብተን «ይህን ብላችኋል፤ ይህን እንቀይራለን፤ ይህን ግን አንቀይርም፣ ምክንያቱም» ብለን እንነግራቸዋለን።

ወጣቱ ባልደረባዬ አራተኛው ሰው ነው። የእሱን ክፍል ወረቀቶች ያነበብኳቸው እኔ ነኝ። ግማሹ ስለ ፍጥነቱ ነው፤ ቀስ በልልን ይላሉ። አንዱ «ስላይዱን አታንብብልን፣ ማንበብ እንችላለን» ብሏል። አንዲት ልጅ ግን፣ ከአጻጻፏ ሴት መሆኗን ገምቻለሁ፣ እንዲህ ጽፋለች፦ «ከእኛ በፊት የነበሩት ወረቀታቸው ላይ ማስታወሻ ትጽፍላቸው ነበር አሉ። ለእኛ ለምን ተውክ?»

ወረቀቱን ሰጠሁት። ቆሞ ሁለቴ አነበበው፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ማክሰኞ ክፍል አለው፤ መልስ ይጠብቁታል።